ልቡን ለእሷ፣ ብሩን ለእኛ

ታኅሣሥ አሥራ አምስት ሳይሞላው ካፌ ገብቼ የጾም ማኪያቶ አዘዝኩ። አስተናጋጇ የገና አባት ቀይ ኮፍያ አድርጋለች። ጎንበስ ባለች ቁጥር የኮፍያዋ ነጭ ኳስ ማኪያቶዬ ውስጥ ሊነከር ለትንሽ ይተርፋል። ከስፒከሩ «ላስት ክሪስማስ» (ያለፈው ገና) የሚለው የፈረንጅ ዘፈን ይንቆረቆራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ባለፈው ገና ልቡን ለአንዷ ሰጠ። እሷ በማግስቱ አሳልፋ ሰጠችበት። እኛ ሠፈር ቢሆን ሽማግሌ ይላካል። እሱ ነጠላ ዜማ ለቀቀ።

ለዘፋኙ ለጆርጅ ማይክል ዜማው የመጣለት እናትና አባቱ ቤት፣ የልጅነት መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነው። ዋም በተባለው ባንዳቸው ጓደኛው የሆነው አንድሩ ሪጅሊ ያን ጊዜ ሳሎን ቁጭ ብሎ ኳስ ያያል። ስቱዲዮም ሲገባ ጆርጅ መሣሪያውን ሁሉ ብቻውን ተጫወተ። በዚህ ዓይነት የሥራ ክፍፍል የቆመ ስንት ትዳር አውቃለሁ!

ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 ወጣ፤ እንግሊዝ ውስጥም ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። አንደኛ ማን ነበር? ለእኛው የ77 ድርቅ የተዘፈነው፣ ባንድ ኤይድ የተባለው የዘፋኞች ስብስብ ዘፈን «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?»። እዚያም ላይ ጆርጅ ዘፍኗል። ራሱን በራሱ ጣለ ማለት ነው። ይባስ ብሎ የ«ላስት ክሪስማስ»ንም ገቢ ዋሞች ለዚያው ለረሃባችን ሰጡ። እሷ የጣለችው ልብ እህል ሆኖ እኛ ዘንድ ደረሰ። ውለታ ነው፣ አልክድም።

ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ገና መሆኑንማ እናውቃለን፤ ችግሩ እነሱ «ገና ነው» ሲሉ እኛ «ኧረ ገና ነው» ማለታችን ነው።

«ላስት ክሪስማስ» እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ የወጣው ከ36 ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 በወጣው ሰንጠረዥ ነው። የእነሱ ገና ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። የሰንጠረዡ ሳምንት የሚያልቀው ግን ጃንዋሪ 7 ነው፤ የእኛ ታኅሣሥ 29። ለእነሱ አረፈደ፣ ለእኛ በሰዓቱ ደረሰ። በሐበሻ ቀጠሮ የመጣ ፈረንጅ ያየሁት ያኔ ነው። ጆርጅ ግን አላየውም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በፈረንጅ ገና ዕለት አርፏል።

አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ አንድ ጎረምሳ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ አወጣና ፊት ለፊቱ ወደተቀመጠችው ልጅ ገፋ አደረገው።

«ገና ነው እኮ!» አለችው።

የትኛውን ገና እንደሆነ አልገባውም። እኔም አልገባኝ።