«ኮምፒውተሩ ይቆጥረዋል» ላሉን

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር በተደረገ የሥርዓተ ትምህርት ውይይት የሰማይ ምስል ትንተና የተግባር ኮርስ እንዲታጠፍ ሐሳብ ቀረበ። ከመድረኩ የተሰጠው ምክንያት «ጋላክሲውን ኮምፒውተሩ ይቆጥረዋል፤ ልጆቻችን ይልቅ የጣናን እምቦጭ ይቁጠሩ» የሚል ነው። ተጨበጨበለትም።

ኮምፒውተሩ የቱን ነው የሚቆጥረው? እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዘርፉ ሰዎች ከሰማይ ምስል ላይ ኮከብና ጋላክሲ ለመልቀም የሚጠቀሙበት ሶርስ ኤክስትራክተር የተባለ ፕሮግራም የታዘዘውን እንጂ ሌላ አያውቅም። ከሰማዩ ዳራ በ1.5 ሲግማ (ሲግማ የዳራው የመዋዠቅ መጠን ነው) የሚበልጡ ቢያንስ 5 ተያያዥ ፒክሴሎች ፈልግ ሲሉት ይፈልጋል፤ ገደቡን ዝቅ ካደረጉበት የካሜራውን ኖይዝ (የዘፈቀደ ነጠብጣብ) ጋላክሲ ብሎ ይመዘግባል። ዳራው የሚለካበት ክፍልፋይ ከጠበበ የትልቁን ጋላክሲ ጠርዝ እንደ ባዶ ሰማይ ቆጥሮ ይቀንስበታል። የጠመዝማዛውን ጋላክሲ ክንዶች ቆራርጦ አንዱን አምስት ያደርገዋል፤ በደማቅ ኮከብ ጨረር ላይም የተሰለፉ ጋላክሲዎች ያያል። ይህን የሚያርመው ምስሉን ከፍቶ የሚመረምር ሰው ነው።

ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ዋናው ሥራ ስንቱ እንዳመለጠ ማወቅ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ፕሮግራም በራሱ አይነግራችሁም። ብሩህነታቸውና ስፋታቸው የታወቀ ሰው ሠራሽ ጋላክሲዎች እውነተኛው ምስል ላይ ይበተናሉ። በአንዴ ከበዙ እርስ በርስ ስለሚጋረዱ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ፣ በየግማሽ ማግኒቲዩዱ (የብሩህነት መለኪያው ነው) ይደጋገማል። ስፋታቸውም መለያየት አለበት፤ እኩል ብርሃን ካላቸው ሁለት ጋላክሲዎች ቀድሞ የሚጠፋው ሰፊው ነውና። ከዚያ ያው ፕሮግራም በዚያው ቅንብር ይሠራል። ከ100 የተገኙት 50 ከሆኑ፣ በዚያ ብሩህነት 200 ከተቆጠረ ሰማዩ ላይ ያለው 400 ገደማ ነው። የሐሰቶቹን ብዛት ለመገመትም ምስሉን በአሉታዊ ገልብጦ እንደገና ማስፈለግ ነው፤ እዚያ የተገኘው ሁሉ ሐሰት ነው። ብሩህነት የሚሰላበት መነሻ ነጥብ በ0.1 ማግኒቲዩድ ብቻ ቢዛነፍስ? ቁጥሩ በየማግኒቲዩዱ አራት እጥፍ ገደማ በሚያድግበት ክልል ቆጠራው በ15 በመቶ ያህል ይዛባል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሚታየው ዩኒቨርስ ውስጥ 2 ትሪሊዮን ጋላክሲ አለ ተባለ፤ በ2021 ኒው ሆራይዘንስ የተባለው የጠፈር መንኮራኩር የለካው የሰማይ ጀርባ ብርሃን ደግሞ ወደ መቶ ቢሊዮኖች አወረደው። ያን ሁሉ ልዩነት ያመጡት ካሜራ ያላያቸው ጋላክሲዎች ናቸው። እስቲ ኮምፒውተሩ ይፍታው!

«ቴሌስኮፕ የለንም» የሚለውም አይሠራም። ክረምት ላይ የጣና ሰማይ ደመና መሆኑን ማን ካደ? ስሎን ሰርቬይ የተባለው የሰማይ ቅኝት ምስሎች ግን በአምስት ፊልተር ተነሥተው በነፃ ይገኛሉ። የሚያስፈልገው ላፕቶፕና መምህር ነው።

እምቦጩንም ቢሆን ከሳተላይት ነው የምትቆጥሩት። የሴንቲነል-2 ሳተላይት ፒክሴል በጥሩ ባንዶቹ (የብርሃን ክልሎቹ) 10 ሜትር ነው፤ ከዚያ ያነሰው ቁጥቋጦ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል፤ ደንገሉም እምቦጭ መስሎ ሊቆጠር ይችላል። ያመለጠውንና በስህተት የተጨመረውን የሚለካው ዘዴ እናንተ ልታጥፉት የተነሣችሁበት ኮርስ ውስጥ ያለው ነው።