ማስተካከያ፦ «ሃሽ» ምስጠራ አይደለም
ስለ ዲጂታል ምርመራ ቃላት ቀደም ሲል ባቀረብነው ማብራሪያ «ሃሽ» የሚለውን «ፋይልን በቁልፍ መመስጠር» ብለን መፍታታችን ስህተት ነበር፤ ሁለቱንም በደፈናው «ኮድ» ብሎ የመጥራት ልማድ አሳስቶናል። የተመሰጠረ ፋይል ቁልፉን በያዘ ሰው ይፈታል፤ ሃሽ ግን ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ፋይሉን የማይሰጥ፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ ነው። መርማሪው የተያዘ ሃርድ ዲስክ ሲቀዳ የዋናውንና የቅጂውን ሃሽ የሚያመሳክረው ማስረጃው አለመነካካቱን ለማሳየት ሲሆን፣ ኤስኤችኤ-256 በተባለው የሃሽ ማስያ ስልት የሚወጣው ባለ 64 ምልክት ውጤት በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጨመር እንኳ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በዚያው ማብራሪያ አስተማማኝ ያልነው ኤምዲ5 የተባለው ሌላ የሃሽ ማስያ ስልት ደግሞ፣ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት ሃሽ እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል በ2004 እ.ኤ.አ. ስለተረጋገጠ፣ ብቻውን ሊታመን አይገባም።