ዘፈን ከመሀሉ የሚያስጀምር ዲጄ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ትናንት ሰርጉ ላይ የነበራችሁ አይታችኋል።

የሙሽራው አባት ማታውን ሙሉ አንድ ዘፈን ብቻ ነው የጠየቁት፤ ሳም ማንግዋና የሚዘፍነውን የኮንጎ ሩምባ፣ «ኤባሌ ያ ዛየር»ን። የኪንሻሳ ሰው ናቸው፣ የወጣትነታቸው ዘፈን ነው። ዲጄው «እሺ አባባ» አለ። ባለቤታቸውን አስነሥተው ወገባቸውን ያዝ አደረጉ። ከዚያስ? በቀጥታ ከሴቤኑ፣ ጊታሩ ከሚፈጥንበት ከመጨረሻው የጭፈራ ክፍል ለቀቀው! ሳም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጊታሩ መንጫጫት ጀመረ። ሰውየው እጃቸው ባለበት ቀረ። ዝግ ብለው ሊደንሱ ነበር እኮ የተነሡት።

ሄድኩ። «ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው አድርግላቸው።»

«እህቴ፣ ሰው ልታስተኚ ነው?»

«ዘፋኙስ?»

«ፍራንኮ አይደል? ማን ይሰማዋል?»

ፍራንኮ! ይባስ ብሎ ማይኩን አንሥቶ «ሩምባ አስተማሪ መጣችብን!» አለ። አዳራሹ ሳቀ። የኛው ሰዎች ጭምር! ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል።

ፍራንኮማ የባንዱ፣ የቲፒ ኦኬ ጃዝ መሪ ነበር። ዘፈኑን የደረሰው ሲማሮ ሉቱምባ፣ የዘፈነው ሳም። እ.ኤ.አ. 1972 ላይ የታቡ ሌይን ባንድ ትቶ ወደ ተቀናቃኙ ቲፒ ኦኬ ጃዝ የገባው ሳም። ወላጆቹ አንጎላውያን፣ የተወለደው ኪንሻሳ፣ በሊንጋላም በፖርቱጋልኛም በፈረንሳይኛም የሚያንቆረቁር፣ «ተጓዧ እርግብ» የተባለ ሰው። ድምፁ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ተቀባዮቹ ይደርቡለታል፣ ጊታሮቹ ከሥር ሹክ ይላሉ። ሴቤኑ የሚያስጨፍረው ያን ሁሉ ታግሦ ሲመጣ ነው። ሽንኩርቱ ሳይቁላላ ወጥ ይወጣል?

ደግሞ ብራስልስ ላይ! በኪንሻሳው ማቶንጌ ስም የተሰየመ ሰፈር ባለበት ከተማ! ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 የኮንጎን ሩምባ የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል፤ እሱ በጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፈዋል።

ባለፈው ምርቃት ላይስ? ጥላሁንን መሀል ላይ ቆርጦ «እጅ ወደ ላይ!» ያለው ማን ሆነና! ያኔም ዝም አልን። ክፍያውንም ቀድሞ ነው የሚቀበለው፣ ስለዚህ ምን ገዶት።

አባትየው ተመልሰው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ እሳቸው አጽናኑኝ፤ ይህ ነው ያንገበገበኝ።

ደክሞኛል። ግን ቀጣዩ ሰርግ የማን ነው? ዲጄ ከመያዛችሁ በፊት ደውሉልኝ፣ ሰውየውን እኔ ራሴ አናግረዋለሁ።