ለክቡር «እናያለን»፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሦስት ዓመት ስላገቱት የሞተር ጉዞ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎን አልጠይቅም። ደኅና ነዎት። ትናንት ማታ እንኳ የዋትሳፕ ግሩፓችን ላይ ሦስቴ ብቅ ብለዋል፤ አንዴም ከአውራ ጣት ጋር።

ለማስታወስ ያህል፣ እኛ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። አምስታችንም ሞተር አለን። ሐሳባችን ቀላል ነበር። ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስተን፣ ሀይዌይ 1ን ይዘን፣ ሰላማዊ ውቅያኖስን ዳር ዳሩን ታክከን ሎስ አንጀለስ መግባት። ወደ 450 ማይል ግድም፤ ሦስት ቀን፣ ሁለት አዳር። መጨረሻው ፌርፋክስ ጎዳና ነው። ከተማው በ2002 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሰፈር ገብተን፣ ሄልሜታችንን ወንበር ላይ ደርድረን፣ ክትፎ ማዘዝ። በቃ።

ይህን ግሩፑ ላይ ስጽፍ የመጀመሪያው መልስ «በጣም አሪፍ! እናያለን» የሚል ነበር። እኔ የዋሁ «በጣም አሪፍ» የሚለውን ብቻ አነበብኩ።

እስቲ ስለ ስምዎ እናውራ። እናያለን! ምኑን ነው የምናየው? ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ማዕበል አላሳዩንም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰውዬ መቼም የእኛ ግሩፕ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

የሚታይ ጠፍቶ እኮ አይደለም። ከካርሜል ትንሽ ወረድ ሲሉ ቢክስቢ ድልድይ አለ፤ በ1932 የተከፈተ፣ በአንድ ቅስት ገደሉን የተሻገረ። ማክዌይ የሚባለው ፏፏቴ ከገደሉ አፋፍ ወርዶ በቀጥታ አሸዋው ላይ ያርፋል። ሳን ሲሚየን አጠገብ ደግሞ የባሕር ዝሆን የሚሏቸው ግዙፍ እንስሳት የሠርግ ማግስት ዘመድ ይመስል ተዘርረው ያንኮራፋሉ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ከነዱ ባሕሩ በቀኝ በኩል ነው። ፎቶ ለማንሳት መንገድ ማቋረጥ እንኳ የለም። ይህን ሁሉ ያጠናሁት እኔ ነኝ። የነዳጅ ሠንጠረዥም ሠርቻለሁ። የአንዳችን ሞተር 120 ማይል ሳይሞላ ነዳጅ ይለምናል፤ ቢግ ሰር በሚባለው ገደላማ ባሕር ዳር ደግሞ ማደያው በጣት የሚቆጠር፣ ዋጋውም የሚያስደነግጥ ነው። ሠንጠረዡን ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ማን መለሰልኝ? እርስዎ።

በየጓደኛዬ አፍ ሲገቡ መልክ ይቀይራሉ። የጭነት መኪና የሚነዳው «ሎድ ካልያዝኩ እናያለን» ይላል። ሁለተኛው «እሷን ላናግራትና እናያለን» ካለ ሁለት ፋሲካ አለፈ። እሷን ባለፈው ለቅሶ ቤት አግኝቼ ብጠይቃት «የምን ጉዞ?» አለችኝ። ሦስተኛው ጾሙ እስኪወጣ ይጠብቃል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ የእኛ ጾም መቼ ያልቃል? አራተኛው ከሁሉም ይብሳል። ጃኬት፣ ጓንት፣ ውኃ የማያስገባ ሻንጣ፣ ሄልሜት ላይ የሚለጠፍ ካሜራ ገዝቷል። ሞተሩ እስካሁን ያየው ባሕር ግን እዚሁ ኦክላንድ ያለውን ሌክ ሜሪትን ነው። እሱም ሐይቅ ነው።

አንድ ቀን ተናድጄ ብጮህ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉኝ። ያ እንቁላል ተፈልፍሎ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ለፋሲካ ተሠርቶ ተበልቷል። እኛ ግን አሁንም ኦክላንድ ነን።

ክቡርነትዎ ያንን መንገድ ያውቁት ይሆን? በ2017 የካቲት ላይ ዝናቡ የፋይፈር ካንየንን ድልድይ ሰነጠቀው። አፈረሱት፤ አዲሱ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ መድ ክሪክ ላይ ተራራው ተንዶ፣ መንገዱን ቀብሮ ባሕር ውስጥ ገባ። በናዳው ላይ አዲስ መንገድ ሠርተው ለመክፈት 14 ወር ፈጀባቸው። ተራራ ነው እኮ! እኛ ሦስት ዓመት ያቃተን ቀን መቁረጥ ነው።

ቀን አልቆረጥንም ማለቴ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። አንዴ ለትንሽ ነበር የሳትነው። ባሕር ዳሩን ሰኔና ሐምሌ ጉም ይጫወትበታል፤ ጥርት የሚለው መስከረም ላይ ነው፣ ልክ እንደ አገር ቤት። ስለዚህ እንቁጣጣሽ ሰሞን ይሁን አልኩ። ቢግ ሰር የካምፕ ቦታ ምዝገባው የሚከፈተው ከ6 ወር በፊት ነው። በደቂቃዎች ያልቃል። በቀኑ ማልጄ ተነሳሁ። ጣቴ «ክፈል» የሚለው ላይ፣ ዓይኔ ግሩፑ ላይ። «ለስንት ሰው ልያዝ?» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ መጻፍ ጀመረ። ተወው። እንደገና ጀመረ። ተወው። ቡናዬ በረደ። በመጨረሻ መልሱ መጣ።

እርስዎ ነበሩ።

ቀና ስል ቦታው አልቋል።

በእርግጥ እኔም አገልግሎትዎን ተጠቅሜያለሁ፤ አልክድም። አክስቴ «አንዲት ጨዋ ልጅ አለች» ስትለኝ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሲደውልልኝ፣ ወንድሜ ሶፋ እናንሳ ሲለኝ ከእርስዎ የተሻለ ወዳጅ አላገኘሁም። ሲበዛ ጨዋ ነዎት። «አልሄድም» ያስቀይማል፤ «እሄዳለሁ» ያስከፍላል። በሁለቱ መሐል ምንጣፍ አንጥፈው የሚኖሩት እርስዎ ነዎት። ለአክስቴ ሲሆን ደግ ነው። ለሞተር ግን አይሆኑም። ሞተር ቆሞ ሲከርም ባትሪው ይሞታል።

ስለዚህ ይህ ማሳሰቢያ ነው። ዘንድሮ ማንንም ሳልጠይቅ የካምፕ ቦታ ይዣለሁ። መስከረም፣ ቢግ ሰር፣ አንድ አዳር። ከፍያለሁ። ያ አካባቢ አብዛኛው ቦታ ኔትወርክ የለውም፤ ክቡርነትዎ ሊደርሱብኝ አይችሉም። ግሩፑ ላይ ቀኑንና የምነሳበትን ሰዓት ጻፍኩ፤ ጥያቄ ምልክት አላስገባሁበትም። ከዚያ ስልኬን ዘግቼ ጋራዥ ወረድኩና ካቴናውን ዘይት መቀባት ጀመርኩ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለክቡር «ትንሽ ቆይ»
ለክብርት «እደውልልሃለሁ»
ለክቡር «መንገድ ላይ ነኝ»፣ ሻወር ቤት