ደብረ ሊባኖስ ሄዶ ሕንፃውን ብቻ ማየት አይበቃም

አንድ ጸሐፊ የደብረ ሊባኖስን ገዳም «ሕንፃው አዲስ ነው፣ ጥንታዊ ነገር አይታይም» ብለው ማለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል። አዎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታነጸ ነው። ገዳሙ ግን ከ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጀምሮ አለ። መጀመሪያ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ስሙን የቀየሩት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን የጠፋው እኮ እ.ኤ.አ. በ1531 በግራኝ ጦርነት ስለተቃጠለ ነው! በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የግራዚያኒ ጦር መነኮሳቱንና ምእመናኑን ጨፈጨፈ። ያውም በግንቦት ተክለ ሃይማኖት በዓል ሰሞን። ይህን ሳያውቁ ቦታውን «አዲስ» ማለት ያሳዝናል። የምትሄዱ ሰዎች፣ እባካችሁ ሕንፃውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ሽቅብ ወደ ዋሻው ውጡ። ጻድቁ የጸለዩበት ነው፤ ጸበሉም እዚያው አለ። ዳገቱ ለአዛውንት ይከብዳል፣ ቀስ እያላችሁ ውጡ።