ክፍሉ ይሙላ፣ ሴቷም ትጻፍ

ክፍል ጠበበ እያለ የሚያማርር ወላጅ ጎንደር ውስጥ ካለ እባካችሁ አስታግሱልኝ። ሰባ ሰማንያ ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ማስገባት ቀላል ሙያ አይደለም። ለሁለተኛ ደረጃ 40 ይበቃል ብሎ መመሪያ ያወጣ ሰው አንድ ዴስክ አራት ጎረምሳ እንደሚችል አላየም።

አሜሪካ፣ ቴነሲ በምትባል ግዛት፣ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕፃናትን በዕጣ እየመደቡ ሞክረው ነበር። ትንሽ ያሉት ክፍል ከ13 እስከ 17 ልጅ ይይዛል። ትልቅ ያሉት ከ22 እስከ 25! በትንሹ ክፍል የተማሩት በንባብም በሒሳብም በለጡ ብለው ጉድ አሉ። የእነሱ ትልቅ ክፍል እኮ የእኛ የመስኮት ዳር ረድፍ ነው።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው እንበል። ለ80 ሲካፈል ለአንድ ተማሪ 30 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ ያውም ስም ሳይጠራ፣ ሰሌዳ ሳይጠፋ። እሷን ሠላሳ ሰከንድ ደግሞ «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ የሚጮኸው ይወስዳታል። ልጅቷ እጇን በግማሽ አውጥታ ትመልሳለች። ከዚያ «ሴቶች አይሳተፉም» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። መምህሩን አልወቅስም፤ የሰማንያ ሰው ደብተር ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ምን ይባላል?

ላብራቶሪ ላይ ግን ሴት አንረሳም። «አንቺ ጽሕፈትሽ ያምራል፣ ሪፖርቱን ጻፊ» እንላታለን። ወንዶቹ ማይክሮስኮፑን ይሻሙበታል፤ እሷ እነሱ ያዩትን ታሰፍራለች። ሲወጡ ክፍሉን ትጠርጋለች። ወንድ ልጅ መጥረጊያ ይዞ ቢታይማ ሰፈር ምን ይላል!

አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ደግሞ ምክራችን አይለያትም። «ልጄ፣ ሶሻል ይሻልሻል፤ ፊዚክስ ራስ ያዞራል።» እምቢ ብላ ናቹራል ገብታ ከክፍሉ አንደኛ ከወጣች ደግሞ «ወንድ እኮ ናት!» ብለን እናሞግሳታለን። ከዚህ በላይ ምን ሽልማት አለ?

ጎንደሬ በሴት አይታማም። እንግዳ ሲመጣ ቁስቋም ወስደን «ይኼን እቴጌ ምንትዋብ ናት ያሠራችው፤ ልጇ ሕፃን ሆኖ ሲነግሥ አገር የመራችው እሷ ናት» እያልን ደረታችንን እንነፋለን። የራሳችንን ልጅም እንጀራ ጋግራ፣ ውሃ በመጣበት ሌሊት ጀሪካኑን ሞልታ ስትጨርስ ሒሳብ ብታጠና ማንም አይከለክላትም።

ለተጨማሪ ክፍል በጀት የለም። ለባነር ግን አይጠፋም። በመጪው ማርች 8 «ሴቶች በሳይንስ» የሚል ትልቅ ባነር እናሠራለን። ባነሩን የሚይዙልንና የስብሰባውን ቡና የሚያፈሉልን ሴት ተማሪዎች ከፊዚክስ ክፍለ ጊዜ እንዲፈቀድላቸው ደብዳቤው ከወዲሁ ተጽፏል።