ኤሊ ትንሽ በግ አይደለችም

ከስምንት ዓመት በፊት በሐምሌ ወር፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ በነጋ ጠዋት፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ሳሪስ አካባቢ እሠራበት ወደነበረው የእንስሳት ክሊኒክ መጡ። ጠረጴዛው ላይ ሲፈቱት ኤሊ ነበረች፤ ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ በቢጫና በጥቁር የተዥጎረጎረ፣ ከትልቅ የወጥ ድስት ክዳን ብዙም የማታንስ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ከሞያሌ ሲመለሱ መንገድ ላይ አግኝተው ለልጆቻቸው አመጧት። ልጆቹ አድገው ተበተኑ፣ አባትየው አረፉ፣ ኤሊዋ ግቢው ውስጥ ቀረች። «ጎመን ሳሳያት ከጓሮ ድረስ ትመጣልኝ ነበር፤ አሁን ሳምንቷ ነው፣ ዞር ብላም አታየኝ» አሉኝ።

ሰገራዋን ማይክሮስኮፕ ሥር አየሁት። የትል እንቁላል ሞልቶታል። በሽታውን በቀላሉ አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ። መደርደሪያው ላይ ለበጉም ለፍየሉም ለጥጃውም በየቀኑ የምቀዳው አይቨርሜክቲን የተባለው የትል መድኃኒት ነበር። መዘንኳት፣ እንደ በግ አስልቼ ወጋኋት፣ «በጥቂት ቀን ትበላለች፣ እማማ» ብዬ ሸኘኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ነጠላው ሲፈታ የኤሊዋ አንገት ከቅርፊቷ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። በጣቴ አፍንጫዋን ነካሁት፤ አንገቷን አልሰበሰበችም። የፊት እግሯን ስቤ ለቀቅኩት፤ እንደ ጨርቅ ወደቀ። «ስነካት አንገቷን አታስገባም እኮ፣ ዶክተር» አሉ እናትየዋ። ዓይኖቿ ክፍት ነበሩ። በማግስቱ ሞተች።

አይቨርሜክቲን ኤሊን ይገድላል። በበግና በከብት ላይ ትሉን ብቻ እየመረጠ የሚያጠቃው መድኃኒት በኤሊ ላይ ወደ ነርቯ ዘልቆ አካሏን ያሽመደምዳል፤ እግር ይዝላል፣ አንገት ይወድቃል፣ በመጨረሻ መተንፈስ ያቅታታል። ይህ አዲስ ግኝት ቢሆን ኖሮ ራሴን ይቅር ባልኩ። ግን እ.ኤ.አ. በ1983 በሙያ መጽሔት ታትሞ የወጣ ነው፣ እኔ ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት። ከዚህ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር አለ። ቆይቼ ሳነብ እንደተረዳሁት በኤሊ አንጀት ውስጥ ትል መገኘቱ ብዙ ጊዜ በሽታ አይደለም፤ ጤነኛዋም ኤሊ ይዛው ትኖራለች። ያቺ ኤሊ መብላት ያቆመችው ምናልባት በብርድ ነበር። ከሞቃቱ ቆላ የመጣች ፍጡር ናት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ከተማ፣ በሐምሌ፣ በእርጥብ ጓሮ ውስጥ። የኤሊ ደም ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። ውጭው ሲቀዘቅዝ ሆዷ መፍጨቱን ያቆማል፣ ሰውነቷም በሽታን መከላከል ያቅተዋል። ያስፈልጋት የነበረው ደረቅና ሞቅ ያለ ማደሪያ ሊሆን ይችላል። እኔ መርፌ ሰጠኋት።

ለእናትየዋ ነገርኳቸው፤ መድኃኒቱ እንደገደላት፣ የሰጠሁትም እኔ እንደሆንኩ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን እያጠፉ፣ «እንግዲህ የሌላ ሰው ኤሊ ላይ እንዳታደርገው፣ ልጄ» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እሳቸው ያሉትን ይዤ ነው፤ እኔ ብቻ ባላደርገው አይበቃምና። ዛሬም በየክሊኒኩ ያው መደርደሪያ፣ ያው ጠርሙስ፣ ያው ግምት አለ።

ሐኪሞቻችን ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። የአገራችን የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ቢሾፍቱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲከፈት የታሰበለት ጉዳይ ግልጽ ነበር። ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያለባት፣ ገበሬው በበሬ የሚያርስባት፣ አርብቶ አደሩ በግመልና በፍየል የሚኖርባት አገር ሐኪሟን መጀመሪያ የምታስተምረው ስለ ከብት ነው። ይገባልም። እኔ ራሴ ላም ስታምጥ እጄን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ጥጃ አውጥቻለሁ፤ በዚያ እውቀት እኮራለሁ። ስለ ኤሊ፣ ስለ በቀቀን፣ ስለ ጦጣ ግን በትምህርት ዘመኔ ሁሉ የሰማሁት በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ከተማው ደግሞ አልጠበቀንም። አዲስ አበባ ውስጥ ጥንቸል በየሰፈሩ አለ፤ ከውጭ የመጣች በቀቀን፣ ከገጠር በካርቶን የመጣች ጦጣ፣ በየጓሮው የምትዞር ኤሊ አሉ። ሲታመሙ የሚመጡት እኛው ዘንድ ነው።

ጥንቸልን ውሰዱ። ልጆች ያሉበት ቤት ጥንቸል ሲያስነጥሰው፣ አፍንጫው ሲረጥብ፣ እናት በቤት ውስጥ የተረፈ የልጅ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ትሰጠዋለች። አውቃ አይደለም፣ ርኅራኄዋ ነው። የጥንቸል አንጀት ግን የሚሠራው በውስጡ ባሉ ጠቃሚ ተሕዋስያን ነው። በአፍ የሚሰጥ የፔኒሲሊን ዘር ሁሉ እነሱን ጨርሶ መርዛማዎቹን ያነግሣል፤ ጥንቸሉ በተቅማጥ ተመትቶ በጥቂት ቀን ሊሞት ይችላል። ለውሻ ቁንጫ የሚንጠባጠበው ፊፕሮኒልም እንዲሁ ጥንቸልን ይገድላል። ይህን የማያውቅ ሐኪም የጥንቸሉ ባለቤት ያደረገችውን ራሱ ይደግመዋል፣ በደረሰኝ።

በወፎች በኩል ያለው ደግሞ ከቤታችን ልማድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰው ሲሰማው ይደነግጣል። የወፍ ሳንባ ከሰው ሳንባ እጅግ የተለየ ነው። አየሩ በሳንባዋና በመላ አካሏ በተዘረጉ ከረጢቶች ውስጥ ያለማቋረጥ ይፈሳል፣ ስለዚህ በአየሩ ውስጥ ያለው ጭስም እንዲሁ ይፈስባታል። አሁን ሳሎኑን አስቡት፤ ጎጆዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ረከቦት ተዘርግቷል፣ ከሰሉ ይነዳል፣ ዕጣኑ ይጤሳል፣ መስኮቱ ለብርዱ ተዘግቷል። ይህ በቀን አንዴ ሁለቴ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የማያጣብቅ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ከተረሳ ደግሞ እኛን ሳይሸተን እሷ ከተቀመጠችበት እንጨት ትወድቃለች። ወፍ በሽታዋን ትደብቃለች፤ በዱር ውስጥ ድካም ያሳየች ወፍ የአዳኝ ሲሳይ ናትና። ላባዋን ነፍታ ጎጆዋ ወለል ላይ የተቀመጠች ወፍ የታመመችው ዛሬ ጠዋት አይደለም። አንድ ሰው በቀቀን ይዞልኝ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ቡና የት እንደሚፈላ ነው።

ምግቡም አለ። በየገበያው የሚሸጠው የሱፍ ፍሬ ለበቀቀን እንደ ከረሜላ ነው፤ ትወደዋለች፣ ሌላ አትነካም፣ ካልሲየምም ቫይታሚን ኤም ያጥራታል። ግራጫዋ የአፍሪካ በቀቀን በካልሲየም እጥረት ትንዘፈዘፋለች፤ ባለቤቶቹ የሚጥል በሽታ ይዟት ነው ብለው ያመጧታል፣ ወይም ጸበል ይረጯታል። ይህች በቀቀን እ.ኤ.አ. በ2016 ለመጥፋት በተቃረቡ ዝርያዎች የንግድ ስምምነት ከሁሉ ጥብቅ በሆነው መዝገብ ውስጥ እንድትገባ ተወስኗል፤ ከዱር የተያዘችውን በድንበር አሻግሮ መሸጥ ክልክል ነው።

እዚህ ላይ ባልደረቦቼ ያቋርጡኛል። ክርክራቸው ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሰው ሕክምና ባልተሟላበት፣ የገበሬው በሬ ክትባት ባላገኘበት አገር ስለ ኤሊ ሐኪም ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ነው። በሬው ይቅር ያልኩ ይመስል። ከእኔ የሚጠበቀው እኮ አዲስ ሆስፒታል አይደለም፤ አንድ ሐኪም በእጁ ያለውን መርፌ ለማን መስጠት እንደሌለበት ማወቁ ነው። ወጪው የትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው። ደግሞስ ጦጣዋን ማን ይመረምራታል? በየግቢው በሰንሰለት የታሰረችው ጦጣ የቤተሰቡን ሳንባ ነቀርሳ ከቤተሰቡ ትወስዳለች፣ መልሳም ለልጆቹ ልትሰጥ ትችላለች። ያበደ ውሻ ከነከሳት የእብድ ውሻ በሽታ እሷንም ይይዛል። ጦጣ የነከሰው ሕፃን በሳሙናና በውኃ ቁስሉ ታጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት ለእናቱ የሚነግራት የእንስሳት ሐኪሙ ካልሆነ ማን ነው?

ሁለተኛው ክርክር ይከብደኛል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል። ታዲያ የጓሮዋን ኤሊ፣ የታሰረችውን ጦጣ ማከም ሕገ ወጡን ነገር ማመቻቸት አይሆንም ወይ? ሐኪም ካገኘላቸው ሰው ይበልጥ አይገዛም ወይ?

በዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ አስቤአለሁ። ሐሳቤን ያስለወጡኝ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ናቸው። በዓለም ላይ የቀሩት አቦ ሸማኔዎች ወደ 7,000 ይገመታሉ። ከእኛ ሶማሌ ክልልና ከአጎራባቾቹ አካባቢዎች ግልገሎቹ ከእናታቸው ጉያ ይነጠቁና በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕሩ፣ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ለቅንጦት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሻገራሉ። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ግለሰቦች አደገኛ እንስሳ በቤታቸው እንዳይይዙ ከልክላለች፤ ንግዱ ግን አልቆመም። በመንገድ ላይ ብዙዎቹ ይሞታሉ። የሚተርፉትን የሚይዛቸው ሰው መልካም ያደረገላቸው እየመሰለው ንጹሕ ሥጋ ይቆርጥላቸዋል፤ አጥንት የሌለው፣ ለስላሳውን። ሥጋ ሰጥቼ እንዴት ይደክማል ይላል። በዱር ያለች አቦ ሸማኔ ግን ሚዳቋዋን ስትበላ ለስላሳውን አጥንትም አብራ ትበላለች። ቀይ ሥጋ ብቻውን ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ከምንም የማይቆጠር ነው። የግልገሉ ሰውነት የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ ይበደራል። አጥንቱ ይሳሳል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ ከሶፋ ሲዘል ይሰበራል። በምድር ላይ ከሁሉ የሚፈጥነው እንስሳ መቆም ያቅተዋል።

ይህንን በመጀመሪያው ሳምንት ያየ ሐኪም ሊያስተካክለው ይችላል። ባለቤቱ ግን አያመጣውም፤ እታሰራለሁ ብሎ ይፈራል። ደብቆ ያቆየዋል፣ ሲሞት ደብቆ ይቀብረዋል፣ ሌላ ይገዛል። ፍርሃቱ አንድም ግልገል አላዳነም። የተረፉትም ወደ ዱር አይመለሱም፤ አቦ ሸማኔ ማደንን ከእናቷ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ኖራ ነው የምትማረው። ሆለታ አጠገብ ያለው እንስሳ ኮቴ የተባለው የማገገሚያ ማዕከል እንዲህ ያሉ ከሰው እጅ የተወሰዱ እንስሳትን ይንከባከባል፤ አቅሙ ግን የአንድ ማዕከል አቅም ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፤ የሐኪም በር የፖሊስ ጣቢያ በር መሆን የለበትም። ነጋዴውን፣ አዳኙን፣ ደላላውን ሕግ ይያዘው። የታመመ እንስሳ ታቅፎ የመጣውን ሰው ግን መጀመሪያ እናክምለት፤ ከዚያ ቁጭ አድርገን እውነቱን እንንገረው፣ እንስሳው የት ቢሆን እንደሚሻለው፣ ለማን ማስረከብ እንደሚችል። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በፈቃዱ የሚያስረክብ ሰው እንደማይከሰስ በግልጽ ቢያሳውቅ፣ ስልኩንም በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ብንለጥፍ፣ በዓመት ውስጥ ስንት ሰንሰለት እንደሚፈታ አስባለሁ። አዲስ ጥያቄ የሚጠይቀኝን ሰው፣ «ጦጣ ልግዛ ወይ?» የሚለውን፣ አትግዛ እለዋለሁ። በዚህ ላይ አላመነታም።

ኮሌጆቻችንም አንድ ኮርስ ይጨምሩ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ባይሆን እንኳ፣ ተማሪው ሳይመረቅ ኤሊ በእጁ ይዞ፣ ወፍ ሳያንቃት ጨብጦ፣ ጥንቸል ወገቡ እንዳይሰበር ደግፎ ያንሳ። የተሳቢ እንስሳት መርፌ በፊት እግር በኩል የሚመረጠው ከኋላ እግር የሚመለሰው ደም መጀመሪያ ወደ ኩላሊት ሊያልፍ ስለሚችል እንደሆነ ይወቅ። ያላወቀውን «አላውቅም፣ እስክጠይቅ ጊዜ ስጡኝ» ማለትን ይልመድ። ያን ጠዋት ያንን ብል ኖሮ ኤሊዋ ዛሬ በሕይወት ልትኖር ትችል ነበር፤ በተንከባካቢ እጅ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ የምትኖር ዘር ናት።

እስከዚያው ኤሊ ያላችሁ ሰዎች፣ በክረምት ከእርጥቡ ጓሮ አንሷትና ደረቅ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሯት። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ውጭ አውጧት፤ በመስታወት ውስጥ የሚገባው ፀሐይ ለአጥንቷ የሚያስፈልገውን ጨረር አያሳልፍም። ዳቦና ፓስታውን ትታችሁ ሣርና ቅጠል ስጧት። ወደ ክሊኒክ ስትወስዷት፣ ሐኪሙ መርፌውን ሲቀዳ የጠርሙሱን ስም ጠይቁት። አይቨርሜክቲን ካላችሁ እጁን ያዙት።